የሳራ በርናር እብነ በረድ በዋሽንግተን፦ ሄዶ ለማየት ያዋጣል?

ዋሽንግተን መሃል፣ ኒው ዮርክ አቬኑ ቁጥር 1250፣ የሴቶች ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጇን በድን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ሁለቱም ከአንድ ነጭ እብነ በረድ የወጡ ናቸው። ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 61፣ ጥልቀቱ 58 ገደማ ነው፤ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ትበቃዋለች። ስሙ «ከማዕበሉ በኋላ» ሲሆን የተሠራው በ1876 አካባቢ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የቀረጸችው ሳራ በርናር ናት። አዎ፣ ያቺው ፈረንሳዊት ተዋናይ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ለዚህች አንዲት ድንጋይ ሲባል መሄድ ያዋጣል? ያዋጣል፤ ግን ቀኑን መምረጥና ምን እንደሚታይ አውቆ መግባት ያስፈልጋል። ሳያውቅ የገባ ሰው «ወይ ጉድ፣ ያሳዝናል» ብሎ በአንድ ደቂቃ ያልፋታል።

መጀመሪያ መንገዱን እንጨርስ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ በቀዩ መስመር ባቡር ሳይቀይር ሜትሮ ሴንተር ይወርዳል። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት የሚነሳም በሰማያዊው መስመር እንደዚሁ ቀጥታ ይደርሳል። ጣቢያው ውስጥ በ13ኛው ጎዳና በኩል ያለውን መውጫ ይያዙ፤ በሌላው ከወጡ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከዚያ በእግር ሁለት ብሎክ ያህል ነው። መኪና ይዞ መምጣት አይመከርም፤ የመሃል ከተማ ፓርኪንግ ከመግቢያው ሊበልጥ ይችላል።

መግቢያው ለአዋቂ 16 ዶላር ነው። የዲሲ ነዋሪዎች፣ ተማሪዎችና ዕድሜያቸው 65 የሞላ 13 ይከፍላሉ፤ 21 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ በነጻ ይገባል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድና በሁለተኛው ረቡዕ ደግሞ ለሁሉም ነጻ ነው። ሰኞ ዝግ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፍት ነው። ዋጋና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ከቤት ሳይወጡ ድረ ገጹን ማየት አይከፋም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ስልክ መደወል አለ፦ ሙዚየሞች ሥራዎቻቸውን ያፈራርቃሉ፣ ለሌላ ሙዚየም ያውሳሉም፤ ስለዚህ ድንጋይዋ በዚያ ሳምንት ለእይታ መቅረቧን ይጠይቁ። ሲፈልጉም አሜሪካኖቹ ስሟን «በርንሃርት» ብለው እንደሚጠሩት ያስታውሱ።

ሕንፃው ራሱ አንድ ፈገግታ ያስገኛል። በ1908 የተሠራው ለፍሪሜሶኖች ነው፤ ሴት አባል ለማይቀበል ማኅበር። ዛሬ ውስጡ ያለው ከሞላ ጎደል የሴት እጅ ሥራ ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1987 ሲሆን መሥራቿ ዊልሄልሚና ሆላዴይ ነበረች፤ የበርናርን ቅርጽም የሰጡት እሷና ባሏ ናቸው። ለሁለት ዓመት ታድሶ እንደገና በሩን የከፈተው በጥቅምት 2023 ነው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። በ1844 ፓሪስ ተወለደች፤ የልደት መዝገቧ በ1871 ከከተማው አዳራሽ ጋር ስለተቃጠለ ቀኑ ዛሬም ያከራክራል። በ1862 ኮሜዲ ፍራንሴዝ በሚባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቲያትር መድረክ ወጣች፣ በዓመቱ አንዲት አንጋፋ ተዋናይ በጥፊ መትታ ለቀቀች። ኦዴዮን በሚባለው ቲያትር ስሟ ገነነ፤ በ1870 ፓሪስ በጀርመኖች ስትከበብ ያንኑ ቲያትር የቁስለኞች ሆስፒታል አደረገችው። በ1872 ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ተመለሰች፣ በ1880 ደግሞ ውሏን አፍርሳ ወጣች፤ ቅጣቱ 100,000 ፍራንክ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዓለምን መዞር፣ የራስን ቲያትር ማስተዳደር፣ በ1899 ሃምሌትን ሆኖ መጫወት ነው። በ1915 ቀኝ እግሯ ተቆረጠ፤ ተቀምጣም ተሸክመዋትም መጫወቷን አልተወችም። በመጋቢት 1923 ሞተች። ብዙው ሰው መልኳን የሚያውቀው በ1895 መጀመሪያ ፓሪስ ግድግዳዎች ላይ ከተለጠፈው የሠዓሊው የሙሻ ፖስተር ነው።

ቅርጽ የጀመረችው መድረክ ላይ ስሟ ከተተከለ በኋላ ነው። ማቲዩ ሙኒዬና ፍራንቼስኪ ከሚባሉ ቀራጺዎች ተማረች፣ የራሷን ስቱዲዮ ተከራየች፣ ከ1874 እስከ 1886 ባለው ጊዜ ውስጥ ሳሎን በሚባለው የፓሪስ ታላቅ ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ሥራዎቿን አቀረበች። «ከማዕበሉ በኋላ» በ1876 ሳሎን የክብር መጠቀስ አገኘ። 50 ያህል ሥራ እንደነበራት ይታወቃል፤ ዛሬ የት እንዳሉ የሚታወቁት ግማሽ ያህሉ ናቸው።

እንግዲህ ቅርጹ ፊት ቆመናል እንበል። ታሪኩ የብሬታኝ ነው፤ ፈረንሳይ ወደ አትላንቲክ የምትሾልበት የዓሣ አጥማጆች አገር። ባሕሩ ልጁን ከነመረቡ መልሶ ተፍቶታል፣ አያቱ አንስታ ታቅፋዋለች። አቀማመጡ ከየት እንደመጣ ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም፦ የማይክል አንጄሎ እመቤታችን ክርስቶስን ከመስቀል ካወረዱት በኋላ በጭኗ የያዘችበት ቅርጽ ነው፤ ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ያለው። በርናር የለወጠችው ዕድሜውን ነው። እዚያ ያለችው እናት ከልጇ ያነሰች ወጣት ትመስላለች። እዚህ ያለችው ፊቷ በጨው ነፋስ የተቃጠለ አሮጊት ናት፤ ያቀፈችው ደግሞ ገና ያልጎረመሰ ገላ። የተሸበሸበና ለስላሳ ቆዳ ጎን ለጎን፣ ከአንድ ድንጋይ። ለቀራጺ ከባዱ ፈተና እሱ ነው፤ ቀለም የለም፣ ልዩነቱን የሚናገረው የመሮውና የሞረዱ አያያዝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቸኩሎ ከማለፍ ይልቅ በዚህ ቅደም ተከተል ማየት ይረዳል። መጀመሪያ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ፊት ለፊት። እንዲህ ያለ ጥንቅር እንደ መድረክ ፊት አለው፤ የሁለቱ ገላ ትልቁ መስመር የሚነበበው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ጠጋ ብሎ ጎንበስ ማለት፣ ዓይን በልጁ ፊት ልክ እስኪሆን ድረስ። ከላይ ወደ ታች ብቻ ያየ ሰው አያቲቱን ብቻ ያያል። ከዚያ በቀስታ መዞር፣ ብርሃኑ በጎን የሚመታበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ማቆም፣ መረቡን ማየት። በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ፍላሹን ያጥፋ፤ መከልከሉ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ሁሉ ገድሎ ድንጋዩን ሳሙና ያስመስለዋል።

መረቡ ላይ ለምን ማቆም አለብን? እብነ በረድ ክብደት ይችላል፣ መለጠጥ ግን አይችልም። የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀረጽ ገና ሲሞረድ ይሰበራል። ስለዚህ ገመዱ ከሥሩ ካለው ገላ ወይም ልብስ ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፤ ቀራጺው የሚያደርገው በግራና በቀኙ በመሰርሰሪያ ጠልቆ ጥላ መፍጠር ነው። ዓይን ጥላውን አይቶ ገመዱ የተለቀቀ ይመስለዋል። ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ይበሳሉ፣ በመካከላቸው የቀረው ቀጭን ግድግዳ በቀጭን መሮ ይነሳል። አንድ ስህተት እዚህ አይመለስም፤ የሄደ ድንጋይ ሄደ። ሌላም አለ፦ ወደ መጨረሻው ቆዳ ከተቃረቡ በኋላ መሮውን ቀጥ አድርጎ መምታት የድንጋዩን ቅንጣቶች ከውስጥ ያደቃቸዋል፤ ያኔ ምንም አይታይም፣ ሲለሰልስ ግን ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይወጣል። የልጁን ገላ ሲያዩ ያንን ይፈልጉ።

ከዚህ በፊት የነበረውን ሥራ ድንጋዩ ይደብቀዋል፤ ግን የተዋናይዋን ችግር የሚገልጠው እሱ ነው። ሥራው የሚጀምረው በጭቃ ነው። ከብረትና ከሽቦ አጽም ይቆማል፣ በላዩ ጭቃ ይለጠፋል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ብረት ባለበት ሁሉ ይሰነጠቃል። ቀድመው የሚሄዱት አንገትና አንጓ ናቸው። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ ሥራ በቆመ ቁጥር መጠቅለል፣ እንዳይደርቅ መርጨት፣ በበዛ ውኃም እንዳይንሸራተት መጠንቀቅ። ቀን ጭቃ ስታቦካ ውላ ማታ መድረክ ለምትወጣ፣ አንዳንዴም ከፓሪስ ለምትርቅ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲያትር ቤቱና ጋዜጦቹ ጉልበቷን ታባክናለች ብለው ያጉረመረሙት በከንቱ አልነበረም።

ጭቃው ሲያልቅ ጀሶ ይፈስበታል። ልምድ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ስስ ሽፋን ቀለም ጠብ ያደርግበታል፣ ሁለተኛውን ወፍራሙን ነጭ ይተወዋል። ሲጠነክር ይከፈትና ጭቃው ተጠርጎ ይወጣል፤ ባዶው ታጥቦ፣ ዘይት ወይም ሳሙና ተቀብቶ እንዳይጣበቅ ተደርጎ፣ አዲስ ጀሶ ይሞላል። ከዚያ የውጩ ቅርፊት በመሮ እየተለቀመ ይሰበራል። ቀለም ያለው ሽፋን ብቅ ሲል «ቀስ በል፣ ሥራው ደርሷል» ማለት ነው። ያንን ቀለም የረሳ ሰው አፍንጫ ይዞ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ጭቃው ጠፍቶ አንድ ጀሶ ብቻ ይተርፋል፤ ወደ ድንጋይ የሚሻገረው እሱ ነው።

መሻገሪያው በነጥብ መለኪያ ነው። ጀሶው ላይም ድንጋዩ ላይም ተመሳሳይ ሦስት ቋሚ ነጥቦች ይወሰናሉ፤ ክንድ ያለው መሣሪያ በእነሱ ላይ ይንጠለጠላል፣ መርፌው የጀሶውን ቆዳ እስኪነካ ይገፋል፣ ገደቡ ይቆለፋል። መሣሪያው ወደ ድንጋዩ ሲዛወር መርፌው እዚያው ጥልቀት እስኪደርስ ይበሳል። ነጥብ በነጥብ፣ በመቶዎችና በሺዎች። መጨረሻ ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይተዋል፤ እሱ የጥርሳም መሮ፣ የሞረድና የማለስለሻ ድንጋይ ድርሻ ነው። ይህን ያህል መጠን ያለው ድንጋይ ገና ሳይነካ፣ ሙሉ ጥርብ ሆኖ ቢታሰብ፣ 700 ኪሎ አለፍ ይላል። ከዚያ የሚበዛው መሬት ላይ የሚቀር ፍርፋሪ ነው።

እዚህ ላይ ነው የቆየው ሐሜት የሚመጣው። «እሷ አልሠራችውም፣ ሌላ ሰው ቀርጾላት ነው» የሚለው ክስ በዘመኗ በጋዜጣ ወጥቷል፤ ዛሬም በጉብኝት መሃል የሚያነሳው ሰው አይጠፋም። መልሱ የሙያው አሠራር ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የቀራጺው ሥራ ጭቃው ነበር፤ ድንጋዩን በነጥብ መለኪያ የሚያወጡ ቅጥረኛ ጠራቢዎች ነበሩ። የዘመኑ ታላቅ ቀራጺ ሮዳን ራሱ እብነ በረዶቹን በአብዛኛው ያስጠረበው በእነሱ ነው፤ እሱን ግን «አልሠራውም» የሚል የለም። በርናር ለመሥራት ብላ የሰውነት አጥንትና ጡንቻ አጥንታለች፤ ሱሪ ያለው ነጭ የሥራ ልብስ ለብሳ፣ መሣሪያ ይዛ፣ ከሥራዋ አጠገብ ፎቶ ተነስታለች። ሴት ሱሪ መልበሷ ራሱ ሌላ ወሬ ሆነ። ታዋቂ ሰው ጎበዝ ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ማመን ለአንዳንዱ ይከብደዋል መሰል።

የሙዚየሙ ጉድለት ግልጽ ነው፦ የተዋናይዋን ሕይወት ፈልጎ የሄደ አያገኘውም። የመድረክ ልብሶቿን፣ ደብዳቤዎቿን፣ ፖስተሮቿን ፍለጋ ከሆነ ቦታው ይህ አይደለም። የበርናር ሥራ ብቻ ከሆነ ዓላማው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ 16 ዶላርም ይበዛል፤ በነጻው እሑድ ወይም ረቡዕ ይሂዱ። ሌላውንም ለማየት ሁለት ሰዓት ያለው ሰው ግን ዋጋውን ያገኛል፤ ፍሪዳ ካህሎ በ1937 ለትሮትስኪ ያበረከተችው የራሷ ሥዕል ከዚሁ ሙዚየም ሀብት አንዱ ነው። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች፣ ለልጆቹ ክፍያ ስለሌለ፣ ከሁሉም በላይ ይጠቀማሉ። ሕፃናት ግን ሬሳ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ መልሱን አዘጋጅተው ይግቡ።

ቦስተን አካባቢ ላለ ሰው ሌላ ምርጫ አለ። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1880 የተሠራ አንድ ነሐስ አለው፤ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የቀለም ቢልቃጥ። የእኛ ጸሐፊዎች ቀለም ቀንድ የሚሉት ዓይነት አገልግሎት ነው፣ መልኩ ግን ሌላ ዓለም። ፊቱ የራሷ የበርናር ነው፤ ክንፉ የሌሊት ወፍ፣ ገላው አውሬ፣ ጭራው ዓሣ፣ ትከሻዎቿ ላይ የሐዘንና የሣቅ ጭምብሎች። በ1874 «ስፊንክስ» የሚባል ተውኔት ላይ ተጫውታ ነበርና ራሷን ስፊንክስ፣ የሰው ፊትና የአውሬ ገላ ያለው የተረት ፍጡር፣ አደረገች። የእብነ በረዱ አሮጊት ታስለቅሳለች፤ ይኼኛው ያላግጣል። በሙያ ደረጃ እብነ በረዱ ይበልጣል፤ ሴትዮዋን ለማወቅ ግን ቢልቃጡ የተሻለ ነው።

ነሐስ ሲባል ብዙዎቻችን ሰምና ወርቅ ትዝ ይለናል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ ይገባል። በዚያ ዘመን የፓሪስ አቅላጮች ግን በብዛት የሚሠሩት በአሸዋ ነበር፤ ጀሶው በደቃቅ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተጠቅጥቆ ቅርጹ ይያዛል፣ ነሐሱ ይፈስበታል፣ ክንፍና ጭራ ለየብቻ ወጥተው በኋላ ይገጠማሉ። አንድ ጀሶ ብዙ ነሐስ ስለሚያወጣ የቢልቃጡ ቅጂ ከአንድ በላይ ነው። ይህ በኢንተርኔት ጨረታ «የበርናር ቢልቃጥ» ለሚያይ ሰው ማስጠንቀቂያም ነው። ከጀሶ ሳይሆን ከሌላ ነሐስ ተቀድቶ የወጣ ሥራ ነሐስ ሲበርድ ስለሚኮማተር ከመጀመሪያው ያንሳል፤ 35 ሳንቲ ሜትር ወርድ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ሻጩን ፎቶ ሳይሆን ልክ ይጠይቁ። ፀጉሩና የክንፉ ጅማት የደበዘዘ ከሆነም ቅጂ የቅጂ ነው።

በነገራችን ላይ መሸጥ ራሷም ታውቅበት ነበር። በ1879 ኮሜዲ ፍራንሴዝ ለንደን ሲጫወት ፒካዲሊ ላይ የሥዕልና የቅርጽ ኤግዚቢሽን ከፈተች፤ የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ሳይቀር መጣ። ባገኘችው ገንዘብ የገዛችው ግን እብነ በረድ አልነበረም፤ አቦ ሸማኔ ነበር።

አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ሁለት ቦታ አላቸው። ሞንቴ ካርሎ ላይ ቻርል ጋርኒዬ የሠራው የካዚኖው ቲያትር በባሕሩ በኩል ባለው ፊቱ «ዝማሬ» የሚል የበርናር ቅርጽ ተሸክሟል፤ ጥንዱ የሆነው «ጭፈራ» የጉስታቭ ዶሬ ነው። ከውጭ ስለሆነ ቲኬት አያስፈልግም፤ ከኋላ ባለው ሰገነት ቆሞ ቀና ማለት ነው። ከፍታ ላይ በመሆኑ መነጽረ ሩቅ ወይም ጥሩ ካሜራ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው የብሬታኟ ቤል ኢል ደሴት ናት። ከኪቤሮን ወደብ በጀልባ 45 ደቂቃ ነው፤ የሚወርዱት ለ ፓሌ ላይ ነው። በርናር በ1894 በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፑላን በሚባለው ቦታ ያለውን አሮጌ ምሽግ ገዝታ የሞቃት ወራት ቤቷ አደረገችው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያቀረበቻቸው የባሕር አረም ቅርጽ ያላቸው ነሐሶች ከዚህ ጠረፍ የተለቀሙ ናቸው፤ ከድንጋዩ ላይ የተንጠለጠለውን አረም ሲያዩ ከየት እንደወሰደችው ወዲያው ይገባል። ሕይወቷን ፈልጎ ዋሽንግተን ላይ ያጣ ሰው የሚያገኘው እዚህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስለማይከፈት ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከምሽጉ ማዶ ወዳለው መብራት ቤት ለመሻገር የሚያስቡ ደግሞ የባሕሩን መውጫና መግቢያ ሰዓት ወደብ ላይ ይዩ፤ ውኃ ሲሞላ የአሸዋው መንገድ ይቋረጣል፣ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነው።